ከፈረቃ መልስ፦ የጎን ሥራ ታሪክ በአቃቂ

ማታ ማታ በየመኝታ ክፍላችን የሚነሣው ወሬ፣ ከፈተና ቀጥሎ፣ ስለ ገንዘብ ነው። አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ልክፈት ይላል፤ ሌላው ከመርካቶ ካልሲ አምጥቶ በየክፍሉ ያዞራል፤ ሦስተኛው የሰው ልጅ እያስጠና የሳሙናና የትራንስፖርቱን ይችላል። በዚህ ወሬ መካከል ሁለት አባባሎች ተደጋግመው ይሰማሉ። አንደኛው «የሥራ ፈጠራ» የሚባለው ነገር ትናንት ከውጭ የገባ፣ በሥልጠናና በስብሰባ የሚታደል አዲስ እውቀት ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያልተሳካለት ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ወይ ሐሳብ አጥቷል፣ ወይ ልቡ ሳስቷል የሚለው ነው። ሁለቱም አባባሎች ታሪክ ፊት ሲቀርቡ ብዙ አይቆሙም። ይህን ለማየት ሩቅ አገር መሄድም አያሻንም፤ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በወንዟ ስም የምትጠራው አቃቂ ትበቃናለች።

አቃቂን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባቡር፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ፋብሪካ፣ ውርስ፣ የፋብሪካ መዳከም፣ ብድርና ግብር፣ ሁሉም በተራ በተራቸው ያለፉባት ሰፈር ናት። በእያንዳንዱ ዘመን ደግሞ ከዋናው ሥራ ጎን ሌላ ሥራ ነበረ። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ዋናው ሥራ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ጎኑ ግን ጥቂት። ምክንያቱም የጎን ሥራ መዝገብ የለውም፤ ያለ ደረሰኝ ተሠርቶ ያለ ደረሰኝ ያልፋል።

፩. ከሁሉ በፊት ንቀቱ

በአገራችን በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው መጀመሪያ የተጫነው የካፒታል ማነስ አልነበረም፤ ስድብ ነበር። አንጥረኛውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያሉ ማዋረድ የተለመደ ነገር ነበር። ማረሻውን የሚሠራው ሰው በዓይነ ቡዳነት እየተፈራ ከማኅበር ይገለል ነበር፤ በእሱ ማረሻ የሚያርሰው ግን ጨዋ ነው! ነጋዴም ቢሆን ከባለ ርስትና ከወታደር በታች የሚቆጠርበት ጊዜ ረጅም ነው።

ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ የሚታወቀው ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ነው። መንግሥት በአዋጅ የሚከለክለው ነገር በየመንደሩ የሚደረገውን ነው። የማይደረገውን ማን ይከለክላል? አዋጁ ወጣ፤ ንቀቱ ግን በአንድ ቀን አልጠፋም። ዛሬም ዲግሪ ይዞ ጉልት የተቀመጠ ልጅ እናቱ ለጎረቤት «ለጊዜው ነው» እያለች የምታስተባብለው ከዚያው ከረጢት የተረፈ ነው። የተመራቂው ጭንቀት ግማሹ ከኪሱ ሳይሆን ከዚህ ነው የሚመጣው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

፪. ባቡሩ ሲመጣ

የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ይህ መስመር ዋና ከተማይቱ ከመግባቱ በፊት በአቃቂ ያልፍ ነበር። ባቡር ዕቃና ሰው ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ ሰዓት ያመጣል። ባቡር የሚቆምበት ቦታ ሁሉ የተራበና የተጠማ መንገደኛ አለ። ውሃ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ እንቁላል ይዞ መስኮት ሥር የሚቆም ሰው ደግሞ ወዲያው ይከተላል። ይህ ሰው ሥልጠና አልወሰደም፤ ያየው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሰዎች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ አንድ ነገር ቸግሯቸዋል። የጎን ሥራ ሐሳብ ከዚህ የተለየ ምንጭ የለውም።

በዚያው ሐዲድ ላይ፣ በድሬዳዋ፣ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የጉምሩክ ሹም ሆነው ሠርተዋል። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ስለ ኢኮኖሚ በአማርኛ ከተጻፉት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። የእሳቸው ክርክር በአጭሩ ሲቀመጥ፣ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ምንጊዜም ይጎዳል፤ ሕዝብ የሚበለጽገውም እውቀትን ለሥራው መሣሪያ ሲያደርግ ነው የሚል ነው። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በፊት ጥያቄው ተነሥቷል ማለት ነው። መስኮት ሥር እንቁላል የምትሸጠው ሴት መልሱ አልነበረችም፤ የጥያቄው አካል ግን ነበረች።

፫. ፋብሪካ፣ ፈረቃና እንዝርት

በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ኃይል ማመንጫ በኢትዮጵያ ከቀደምቶቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። በጣሊያን ዘመን፣ በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ይህ ጣቢያ 6.6 ሜጋዋት ያህል የሚሰጥ ነበር። (ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ተነሥቷል።) ውሃ፣ መብራት፣ ሐዲድና የደብረ ዘይት መንገድ የተገናኙበት ቦታ ፋብሪካ ቢመጣበት አይገርምም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መባቻ የሕንዱ ቢርላ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር በሽርክና ያቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቃቂ ላይ ተተከለ። ከሕንድ ውጭ ከተሠሩት የሕንድ የሽርክና ፋብሪካዎች መካከል ከመጀመሪያዎቹ የሚቆጠር ነው።

ፋብሪካ ለአካባቢው ሁለት ነገር ሰጠ፤ ደመወዝና ፈረቃ። ደመወዙ ሁላችንም እንደምንገምተው ነው፤ ቤት ኪራይና አስቤዛ ይዞት ይሄዳል። ፈረቃው ግን ልብ ሊባል ይገባል። የቀን ሠራተኛ ማታ ነፃ ነው፤ የሌሊት ሠራተኛ ደግሞ ከእንቅልፍ የተረፈች ጥቂት የቀን ሰዓት አለችው። የጎን ሥራ የሚኖረው በዚች ሰዓት ውስጥ ነው። ከፈረቃ መልስ ጠላ የሚጠምቅ ቤት፣ እንጀራ ጋግሮ ለወንደላጤዎች የሚያቀርብ ቤት፣ ልብስ የሚሰፋ ቤት፣ የፋብሪካ ሰፈር ሁሉ ያውቀዋል። «ቤት» ማለቴን አንባቢ ልብ ይበል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው የሚስት ነው፣ ስሙ የቤቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስሕተት እናርም። ፋብሪካ ሲመጣ የእጅ ሥራ ይጠፋል ይባላል። በጨርቅ በኩል የሆነው ግን ሌላ ነው። የአገራችን ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር ማድረግን ለመደ፤ ማጉ ግን ሴቶች በእንዝርት የፈተሉት ሆኖ ቆየ። ባዘቶ ገዝታ፣ ፈትላ፣ ልቃቂት አድርጋ የምትሸጥ ሴት በቡና ሰዓት፣ በለቅሶ ቤት ጥግ፣ ልጅ እያጠባች ጭምር ትሠራ ነበር። በኢትዮጵያ ምናልባት ከዚህ የቆየ የጎን ሥራ የለም። እናም አንድ ነጠላ ብንዘረጋ ድሩ የመደበኛው ሥራ፣ ማጉ የጎን ሥራ ነው። ማጉን ብንመዝ የሚቀረው ነጠላ አይደለም፤ ክር ነው።

፬. ስለ እቁብ ትንሽ ሂሳብ

ታዲያ መነሻው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ባንክ ለጠላ ጠማቂ አያበድርም፤ አራጣ አበዳሪ ያበድራል፣ ግን ያንቃል። መልሱ እቁብ ነበር። እቁብን ሁላችንም እናውቃለን እንላለን፤ ሂሳቡን ግን ብዙዎቻችን ሠርተነው አናውቅም።

ሃያ ሰዎች በሳምንት ሁለት ሁለት ብር ይጣሉ እንበል። ዕጣ የወጣላት 40 ብር ታነሣለች። በደርግ ዘመን ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ በወር 50 ብር እንደነበረ ካስታወስን፣ 40 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ጤፍ፣ ጌሾ፣ ጋን ይገዛል። መጀመሪያ ያነሣችው ሴት ከዚያ በኋላ 19 ሳምንት 38 ብር ትከፍላለች፤ ማለት ያለ ወለድ ተበድራለች። መጨረሻ የምታነሣው ሴት ደግሞ ለ19 ሳምንት አስቀምጣለች፤ ያለ ወለድ አበድራለች። በመካከል ያሉት ግማሽ ተበዳሪ፣ ግማሽ አበዳሪ ናቸው። በሚቀጥለው ዙር ዕጣው ይገለበጣል። ባንክ በመያዣ የሚሠራውን እቁብ በዳኛ፣ በጸሐፊና በዋስ ይሠራዋል። አስቸኳይ የገጠመው ከባለ ዕጣው ላይ ትንሽ ከፍሎ ዕጣ ሊገዛ ይችላል፤ እንግዲህ ወለድም ሳይጠራ ይገባል ማለት ነው።

ነገር ግን እቁብን እንደ ተረት አናሳምረው። እቁብ ጫና አለው። ገበያ ቀዝቅዞ ጠላው ኮምጥጦ ቢደፋም እንኳ እሁድ ይመጣል። ያነሣ ሰው ቢቀር ዋሱ ይያዛል፤ ዋሱ ደግሞ ጎረቤት ነው፣ አበልጅ ነው፣ አብሮ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ የገንዘብ ዕዳ የፊት ዕዳ ይሆናል። ከባንክ ዕዳ ሰው ሊሸሽ ይችላል፤ ከእቁብ ዕዳ ግን ሰፈር ካልለቀቀ አይሸሽም። የሚያስደንቀው ይኸው ጫና ራሱ መከላከያም መሆኑ ነው። ከሃያዎቹ አንዷ ልጇ ቢሞትባት ወይም ብትታመም ያው ሃያ ሰው ቤቷ ይመጣል፤ እድሩም ድንኳኑን ይተክላል፤ ዙሩም ይታገሣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የተባለው ለዚህ ነው። ዛሬ «የነጋዴ ጭንቀት» ብለን ስለምንጠራው ነገር የሰፈራችን እናቶች የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ብቻህን አትሸከም። ይኸን የሚሉትም ለማጽናናት ብቻ ሳይሆን ሂሳቡን ስለሚያውቁት ነው።

፭. አንድ ቤት፣ አንድ ፈቃድ

1967 ዓ.ም. መጣ። ታኅሣሥ ላይ ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ ጥር ላይ ደግሞ 72 ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ ተወረሱ፤ በ29 ሌሎች ድርጅቶች መንግሥት አብላጫውን ድርሻ ያዘ። የአቃቂው ጨርቃ ጨርቅም የመንግሥት ሆነ። ይህ በታሪክ መጻሕፍት በሰፊው ተጽፏል። ለጎን ሥራ ግን የከበዱት ሌሎች ሁለት አዋጆች ናቸው።

የመጀመሪያው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው፤ ቁጥር 47፣ ሐምሌ 1967። ይህ አዋጅ ብዙ ሺህ ተከራይን ከአከራይ ቀንበር እንዳላቀቀ፣ ኪራይም እንደቀነሰ የማይካድ ነው። በትልልቅ አከራዮች ላይ የወደቀው ክንድ ግን ግቢዋ ውስጥ አንዲት ክፍል ሠርታ ለፋብሪካ ሠራተኛ ታከራይ በነበረችው መበለት ላይም ወደቀ። አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተወሰነ። በደህና ጊዜ ጭቃ አቡክቶ፣ ቆርቆሮ አልብሶ ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ክፍል የቀበሌ ሆነ። በአንድ ትልቅ የፍትሕ ሥራ ውስጥ አንድ ትንሽ በደል ተሸፍኖ አለፈ ማለት ነው። ታሪክ ስንጽፍ አንዱን ለማድነቅ ሌላውን መደበቅ ያለብን አይመስለኝም።

ሁለተኛው በታኅሣሥ 1968 የወጣው ቁጥር 76 አዋጅ ነው። ለግል ነጋዴ የካፒታል ጣሪያ ወሰነ፤ ለችርቻሮ 200,000 ብር፣ ለጅምላ 300,000፣ ለኢንዱስትሪ 500,000። ይህ ጣሪያ የጠላ ሻጭዋን አይነካትም፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ በሕልሟም አላየችም። የነካት ሌላው ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ፈቃድ። በዚህ መንፈስ ሲታይ «የጎን ሥራ» የሚባል ነገር በሕግ ፊት ቦታ የለውም። ሰው አንድ ነገር ነው፤ ወይ ሠራተኛ፣ ወይ ነጋዴ፣ ወይ ገበሬ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል። የአቃቂ ሰው ግን ሌሊት ሠራተኛ፣ ጠዋት አትክልት አጠጪ፣ ማታ ልብስ ሰፊ ነበር። ወረቀቱና ሰውዬው ሳይተዋወቁ ኖሩ።

የእጅ ባለሙያዎችን ለመርዳት በ1969 ዓ.ም. የእደ ጥበብና የአነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅት ተቋቁሟል፤ ጥሬ ዕቃና ድጋፍ በቅድሚያ የሚያገኘው ግን በኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጀው ነበር። ያልተደራጀው ምን አደረገ? ከአጥር ውስጥ ገባ። ምልክት ሳይሰቅል፣ ታቤላ ሳያወጣ፣ በጀርባ በር ሸጠ። «አየር ባየር» የሚለው ቃል የገነነውም ዕቃ በኮታና በኩፖን በሚታደልበት ዓለም ነው። እንዲህ ያለው ኑሮ አንድ መጥፎ ትምህርት አስተማረ፤ ማደግ አደገኛ ነው። ትንሽ ሆኖ የተደበቀ ይኖራል፤ ተለቅ ያለ ይታያል፣ የታየ ይጠየቃል። ይህ ፍርሃት ከአዋጁ ዕድሜ በላይ ኖሯል።

፮. ጎኑ ዋና ሲሆን

የካቲት 1982 ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ። ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ሥርዓቱ ራሱ ወደቀ። በ1985 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለአንድ ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ወረደ። መለዋወጫና ጥሬ ዕቃ ተወደደ፤ ሰልባጁና የውጭው ጨርቅ ደግሞ ገበያውን ሞላ። ከብዙ ዓመታት በፊት በተተከለ ማሽን የሚሠሩ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ይህን ሊችሉት አልቻሉም፤ አንዳንዱ ሠራተኛ ቀነሰ፣ አንዳንዱ ወደ ግል ተዛወረ፣ አንዳንዱ ቆመ። የአቃቂውም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም።

የጎን ሥራ ትርጉም የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ደመወዝ ሲቆም ልጅ ትምህርት ቤት የከረመው በእንጀራው፣ በጉልቱ፣ በስፌት መኪናው ነው። ትናንት «ጎን» የተባለው ዛሬ ምሰሶ ሆነ። የባቡሩም ነገር እንዲሁ ነው፤ አሮጌው መስመር በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሲቆም በእሱ ላይ የተንጠለጠለው ንግድ አብሮ ቆመ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ እንደ ድሮው በየመንደሩ መስኮት ሥር እንቁላል የሚሸጥበት አይደለም። ሐዲድ ይታደሳል፤ ሻጩ ግን ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

መንግሥትም በ1990 ዓ.ም. የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ አወጣ፤ በ1992 አዲስ ብድርና ቁጠባ ተቋም ተመሠረተ። የተጠቀሙ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የቡድን ዋስትና የሚባለው አሠራር ከእቁብ የሚለየው በምን እንደሆነ እንይ። በእቁብ ሰዎቹ መጀመሪያ ይተዋወቃሉ፣ ከዚያ ገንዘብ ያዋጣሉ። በብድሩ ቡድን ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡ መጀመሪያ ይመጣል፤ ሰዎቹ ለእሱ ሲሉ ይሰባሰባሉ። አንዱ ሲጠፋ ዕዳው በቀሩት ላይ ይቀራል። የተሳካላቸውን ማኅበራት ብንመለከት፣ ከብድሩ በፊት አንድ ሰፈር፣ አንድ እድር ወይም አንድ ሙያ ያገናኛቸው ሆነው ብናገኛቸው አይገርመኝም።

ከዚያ ሐምሌ 2009 መጣ፤ የቀን ገቢ ግምት። በጊዜው ሕግ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የሆነው ደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላልነበረባቸው ግብራቸው በግምት ይወሰን ነበር። ገማቾች በየሱቁ ዞሩ፤ ግምቱ ሲነገር በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ሱቅ ተዘጋ። መንግሥት ግብር መሰብሰቡ አግባብ ነው። ነገር ግን መዝገብ የሌለው ሰው «በቀን ይህን ያህል ታገኛለህ» ሲባል በምን ይከራከራል? እዚህ ላይ የድሮው ፍርሃት፣ «የታየ ይጠየቃል» የሚለው፣ እንደገና ነፍስ ዘራ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ነጋዴው ግብር ጠላ ይላል። ታሪኩን የሚያውቅ ግን መታየትን እንደፈራ ይረዳል።

፯. እንግዲህ እኛስ?

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀረን ምንድን ነው? ሦስት ነገር ይታየኛል።

አንደኛ፣ ሐሳብ የሚገኘው ከአጠገብ ነው። የአቃቂ ሰው ባቡር ሲቆም እንቁላል፣ ፈረቃ ሲለወጥ እንጀራ፣ የፋብሪካ ክር ሲገኝ ማግ ይዞ ቀረበ። ማንም «ምን ልፍጠር?» ብሎ ጣራ እያየ አልተቀመጠም። «ማን ምን ቸገረው? በስንት ሰዓት?» ብሎ ጠየቀ እንጂ። አጠገብ የተገኘ ሁሉ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ያው የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን ቆሻሻ ተሸክሞ ይወርዳል፤ በእሱ ውሃ ቆስጣና ሰላጣ አልምተው የሚሸጡ ቤተሰቦች አሉ። የእነሱ እንጀራ ነው፤ የሚበላው ሰው ጤና ነው። ይህን የመሰለ ቋጠሮ በአንድ ሻጭ ብልሃት አይፈታም፤ ወንዙን የሚያጸዳ ክንድ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ጫናው የግል ሕመም ብቻ አይደለም። ከንቀት፣ ከሕግ፣ ከምንዛሪ፣ ከግምት የመጣ ነው፤ ስለዚህ «ልብህን አጠንክር» በሚል ምክር ብቻ አይድንም። ጓደኛችን ካልሲው ባይሸጥለት ሰነፍ ከማለታችን በፊት ገበያውን እንይ። እኛስ ምን ያህል እቁብ፣ ምን ያህል እድር ሆነንለታል?

ሦስተኛ፣ ይህን ታሪክ መጻፍ የእኛ ሥራ ነው። የፋብሪካው መዝገብ ምናልባት በአንድ ቤተ መዛግብት አቧራ ለብሶ ይገኝ ይሆናል። የእንዝርቱ፣ የጋኑና የእቁቡ መዝገብ ግን ያለው በእናቶች ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። እነሱም እያለፉ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የቸገረው ሰው ካለ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይዞ፣ በአውቶቡስ አቃቂ ወርዶ፣ ቡና ሲፈላ ይድረስ። የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «እማማ፣ ደመወዙ ሲቆም በምን ኖራችሁ?»